በባሌ ስም የዘፈነው ሰው

ባሌ አሎንዞ ፕሩት ቅዳሜ ጠዋት ዐረፈ። እስከ ማክሰኞ ድረስ የቀብር አስፈጻሚው ሚስተር ታልማጅ ሦስት ጊዜ ደወለልኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ፕሮግራሙ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ካላገኘ ለአርብ አያደርስም። ናሽቪል ውስጥ በእኛ ሰፈር ፕሮግራም ሳይኖረው የሚቀበር ሰው የለም። አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ አራት ገጽ ይሆናል፤ ፊቱ ላይ ፎቶግራፍ፣ ውስጡ የሟቹ የሕይወት ታሪክ፣ በመጨረሻም ጥሏቸው የሄደው ቤተሰቦቹ በስምና በተራ። ሰው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፕሮግራሙን ሲቀበል ቀድሞ የሚያነበው ያንን የመጨረሻ አንቀጽ ነው። ማን እንደተጻፈ ሳይሆን ማን እንደተዘለለ ነው የሚፈልገው። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ይከተውና ሃያ ዓመት ያስቀምጠዋል።

ፎቶግራፉን የጠየቅሁት ሚስተር ጋትሊንን ነበር። ጋትሊን አሎንዞን በየከተማው እየላከ የሚያስዘፍነው ወኪል ነው። ሰኞ ዕለት በሹፌሩ እጅ ትልቅ ፖስታ ላከልኝ። ስከፍተው ማይክሮፎን ጨብጦ የሚስቀው ሰው ባሌ አይደለም። ዊልበርት ሃግንስ ነው። የባሌን ግራጫ ሱፍ ለብሷል፤ ከታች በነጭ ቀለም «አሎንዞ ፕሩት» ተብሎ ተጽፏል።

ለሚስተር ታልማጅ ፎቶግራፉ እንደሚዘገይ ነገርኩት።

«ምን ችግር ገጠመን፣ ወይዘሮ ፕሩት?»

«የላኩልኝ የሌላ ሰው ነው።»

«ስሙ አልተጻፈበትም?»

«ተጽፎበታል።»

ሚስተር ታልማጅ ሰላሳ ዓመት የሰው ሬሳ ሲያስተናግድ የኖረ ሰው ነው፤ መጠየቅ የሌለበትን ያውቃል። «ረቡዕ እኩለ ቀን» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ማስረዳት አለብኝ። አሎንዞን ያገባሁት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ በሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲን አስተምራለሁ። አባቴ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ልኮ ያስተማራት አንድ ልጁ ዳንስ ቤት ለዳንስ ቤት እየዞረ የሚጮህ ሰው ማግባቷን እስኪሞት ድረስ «የኮርዲሊያ ጉዳይ» እያለ ነበር የሚያነሳው። ያን ጊዜ ሙዚቃው ገና የረጋ ስም አልነበረውም። ጋዜጦቹ አንድ ጊዜ እንዲህ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ ሲሉት ቆይተው መጨረሻ ላይ ሪትም ኤንድ ብሉዝ አሉት። አሎንዞ «ስማችንን ሲቀያይሩ አንድ ቀን እንኳን አማክረውን አያውቁም» ይል ነበር። ድምፁ ትልቅ ነው። ማይክሮፎኑ ቢበላሽ እንኳን በኋላ በር በኩል የቆመው ሰው ቃል በቃል ይሰማዋል።

ስሙን ያስጠራው አንድ ሸክላ ነው፤ «ጫማህን ደጅ አውልቅ» ይባላል። በዚያ ጊዜ ሸክላ የሚሸጠው በቡናማ ወረቀት ከረጢት ነበር፤ ፎቶግራፍ የለበትም። ከሜምፊስ እስከ ጃክሰንቪል ድምፁን የማያውቅ መጠጥ ቤት አልነበረም። ፊቱን ግን ማንም አያውቀውም።

ሸክላው በወጣ በዓመቱ ሳንባው ታመመ፤ ደም አስተፋው። ሆስፒታል ዐሥራ አንድ ወር ተኛ። ጋትሊን ደግሞ ለሃምሳ ምሽት ቃል ገብቶ ተፈራርሟል። ቤታችን መጥቶ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «እህቴ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ዘፈኑን እንጂ ሰውየውን አይደለም» አለኝ። ቻታኑጋ ሆቴል ውስጥ ምግብ የሚያበስል፣ ድስት ላይ ቆሞ ያንን ሸክላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዘፍን ሰው አግኝቶ ነበር። ዊልበርትን ማለት ነው።

የአሎንዞን ሱፎች እጅጌ ያሳጠርኩለት እኔ ነኝ። የሌሎቹን ዘፈኖች ግጥም ያስጠናሁትም እኔ ነኝ፤ በዚሁ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ፣ ለተማሪዎቼ የላቲን ግሥ እንደማስጠናው። ለጥቂት ወራት ነው ተብሎ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው ልወቅስ ብነሳ መጀመሪያ የማገኘው ራሴን ነው።

አሎንዞ ድኖ ሲወጣ ጋትሊን ሁለቱንም አስቀረ። አንዱን አሎንዞ ፕሩት ወደ ምሥራቅ፣ ሌላውን አሎንዞ ፕሩት ወደ ደቡብ ይልካል። አሎንዞ መጀመሪያ ሳቀ። «በአንድ ምሽት ሁለት ከተማ የሚዘፍን ሰው አግብተሻል፣ ማን እንዳንቺ?» አለኝ። ከዚያ ደብዳቤዎቹ መምጣት ጀመሩ። ሴቶች ለጋትሊን ቢሮ ይጽፋሉ፤ ጋትሊን ሳይከፍት ጠቅልሎ ወደ እኛ ይልካል። አንዷ የረሳኸው ክራባትህ እኔ ጋ ነው ትላለች። ሌላዋ መቼ ነው የምትመለሰው ትላለች። ሌላዋ የጋብቻ ቃሉን ታስታውሰዋለች። እያንዳንዱን ደብዳቤ ቁርስ ላይ ፊቱ አስቀምጣለሁ፤ አንብቦ ራሱን ይነቀንቃል።

«ዊልበርት ነው» ይላል። «ይኼ ሰውዬ መቼ ነው የሚያርፈው?»

አምስት ዓመት ሙሉ ባሌ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው ሁሉ ዊልበርት ነው። ዘግይቶ ሲመጣ እንኳን ጋትሊን ከዊልበርት ጋር አቀያይጦኝ ነው ይለኝ ነበር። ክርክር ማሸነፍ የምችል ሴት ነኝ፤ ግን ማስረጃው ሁሉ በሁለት ሰው ላይ እኩል የሚሠራ ከሆነ ምን ይዤ ልከራከር? አምኜው ነበር አልልም። አላመንኩትም ነበርም አልልም። ደከመኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የአሎንዞ ታላቅ እህት ኦሲ ሜ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ ጽሑፉን ታሳርመኛለች። የቤተ ክርስቲያናችን የአስተናጋጆች ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ ሰዉን በር ላይ ተቀብለው የሚያስቀምጡ ሃያ ሴቶችን በጣቷ ምልክት ብቻ ትነዳለች። በመስኮቱ በኩል ባለው በአሎንዞ ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ጋዜጣ ከምሬበት ነበር። እሷ ጋዜጣውን መሬት አውርዳ ተቀመጠችበት። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ መልሼ ከመርኩት። ተመልሳ አወረደችው።

«በዘጠኝ ዓመቱ ተጠመቀ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ።

«ጽፌዋለሁ፣ እትዬ ኦሲ።»

«ስለ ዘፈኑስ ምን አልሽ?»

«ዘፋኝ ነበር አልኩ።»

«በድምፁ ብዙዎችን አገለገለ በይ።»

«ያገለገለው ዳንስ ቤት ነው።»

«ፓስተሩ የሚያነቡት ጽሑፍ ነው፣ ልጄ። ዳንስ የሚል ቃል በፓስተሩ አፍ ልታስገቢ ነው?»

በዚህ መሀል ከሚስተር ታልማጅ የቀብር ማስፈጸሚያ ቤት ቴሌግራም መጣ። የቀብሩን ቦታ በሬዲዮ የሰማ ሰው በእሱ አድራሻ የላከው ነው። ኦሲ ሜ ከእጄ ወስዳ ጮክ ብላ አነበበችው።

«አርብ ለቀብሩ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። የአሎንዞ ልጅ ናት። ስሟ ከቤተሰቡ ጋር ይጻፍላት። አሎንዜታ ትባላለች። ኢርላ ዲን ሞዝሊ፣ ሃቲስበርግ፣ ሚሲሲፒ።»

«አሎንዜታ» አለች ኦሲ ሜ ወረቀቱን ከዓይኗ እያራቀች። «አሎንዜታ ብለው አወጡላት። ይኼ የዊልበርት ሥራ ነው። ወንድሜ እንዲህ ያለ ስም ሲወጣ ዝም ብሎ አያይም።»

ሴትየዋን በስም አውቃታለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ደብዳቤ ጽፋ ነበር፤ የሕፃን ፎቶግራፍ አብሮ ነበረው። ፎቶግራፉን መስኮት ዳር ይዤ ብዙ አየሁት። ሕፃን ሕፃን ነው የሚመስለው። የተወለደችው ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ወሩን ወደ ኋላ ስቆጥረው አሎንዞ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ወር ላይ ያርፋል። በዚያ ወር ሁለቱም መንገድ ላይ ነበሩ። ቁርስ ላይ አስቀመጥኩለት። «ዊልበርት ነው» አለኝ፤ ቅቤውን አቀብዪኝ አለኝ።

እኛ ልጅ የለንም። ሁለት ጊዜ አርግዤ ነበር፤ ሁለቱም አልቆዩም። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

«ቅደጂው» አለች ኦሲ ሜ።

«ብቀደው ሴትየዋ መምጣቷን ትተዋለች?»

«ትምጣ። በር ላይ እኔ ነኝ የምቆመው።»

«በር ላይ ብታስቆሚያት ደግሞ ከነልጇ መንገድ ላይ ትጮሃለች።»

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። አርብ ዕለት ሳጥኑ ተከፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ሰው ሁሉ እየተሰለፈ ያየዋል። ያቺ ሴት የምታውቀው አሎንዞ ፕሩት ዊልበርት ከሆነ፣ ልጇን አቅፋ አራት መቶ ሰው ፊት ሳጥኑ ላይ ስታጎነብስ የማታውቀውን ሰው ታያለች። ቀና ስትል ደግሞ የምታውቀው ሰው ከተሸካሚዎቹ ጋር በሕይወቱ ቆሟል። የምታውቀው ባሌን ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እስከ ነገ እኩለ ቀን ማወቅ ነበረብኝ። ማወቅ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሚስተር ታልማጅ ቤት ተኝቷል።

ሌላው ከሰዓት በኋላ መጣ። ዊልበርት በአንድ እጁ ኮፍያውን፣ በሌላው በጨርቅ የተሸፈነ የአሳማ ጭን ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ለቀስተኛ ካመጣቸው አራት የአሳማ ጭኖች አጠገብ አስቀመጠው።

«እንኳን መጣህ» አለችው ኦሲ ሜ። «ኃጢአትህ በቴሌግራም ቀድሞህ ደርሷል።»

«ደህና ዋልሽ፣ እማማ ኦሲ።»

«እማማህ አይደለሁም።»

«እትዬ ኦሲ» አልኳት፣ «የአስተናጋጆቹ ነጭ ጓንት ታጥቦ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ እይልኝ። ባለፈው ቀብር የወይዘሮ ፊልደር ጓንት ቢጫ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።»

ጓንት ቢጫ ሆነ ከተባለ ኦሲ ሜ አትቀመጥም። ኮቷን ለብሳ ወጣች፤ በሩን ግን ክፍት ትታው ነው። ተነስቼ ዘጋሁት።

ዊልበርት ቁመቱ ከአሎንዞ አንድ ጣት ያንሳል፣ ትከሻው ይሰፋል። ፊታቸው በምንም አይመሳሰልም። ቁጭ ብሎ ኮፍያውን ጠረጴዛው ሥር ያዞረዋል።

«ወይዘሮ ፕሩት፣ በሐዘንዎ መሀል የራሴን ነገር ማንሳቴ ነውር ነው። ግን አርብ የሚቀበረው እኔም ነኝ።»

«አንተ ጤነኛ ነህ፣ ዊልበርት።»

«እኔ ጤነኛ ነኝ። ዘፋኙ ነው የሞተው። ሬዲዮው ተናግሯል። ትናንት ሳቫና ደውዬ ቅዳሜ እመጣለሁ ብል፣ የዳንስ ቤቱ ባለቤት ‹ሞተሃል› አለኝ። እያናገርኩህ እኮ ነው ብለው ‹ሐዘናችን ከባድ ነው› ብሎ ዘጋው።»

ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ ስለዚህ ተነስቼ የአሳማውን ጭን ወደ መደርደሪያው ወሰድኩ።

«በራስህ ስም ዝፈን።»

«ዊልበርት ሃግንስ ማነው? እኔ ራሴ መንገድ ላይ በዚያ ስም ቢጠሩኝ ዞር አልልም።»

ቴሌግራሙን ፊቱ አስቀመጥኩለት። አንብቦ ሳይጨርስ «እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ ነው አንተ?»

«ልጅቷ የኔ ናት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሜቴ።»

ዐሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። የሠራውን የሚናዘዝ ልጅና የጓደኛውን ጥፋት የሚሸከም ልጅ አንድ ዓይነት ድምፅ የላቸውም። የሠራው ልጅ መጀመሪያ ይክዳል።

«ሃቲስበርግ ማን ቤት ነበር የምታድረው?» ስል ጠየቅሁት። እኛን ጥቁሮችን ሆቴል አያስገቡንም፤ በየከተማው ዘፋኞቻችንን ተቀብላ የምታሳድር አንዲት ሴት አለች፤ ስሟን የማያውቅ ዘፋኝ የለም።

«አንዲት ባልቴት ቤት።»

«ስሟ?»

«ወይዘሮ… ጆንሰን።»

«ቤቷ የት ጋ ነው?»

«ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ።»

«በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያልሆነ ቤት የት አለ፣ ዊልበርት? ቁርስ ምን ሰጠችህ?»

አንተ ምግብ አብሳይ አይደለህም ወይ ብዬ አሰብኩ፤ የሰው ቁርስ መቼም አትረሳም። ኮፍያውን ማዞር አቆመ።

«ሃቲስበርግን አላውቀውም» አለ በመጨረሻ። «ሚሲሲፒ ገብቼ አላውቅም። ወንድሜን እዚያ መንገድ ዳር ነው ነጮች የገደሉት፤ ጎማ ሊቀይር ቆሞ። ሳጥኑን እንዳትከፍቱ ብለው ነው የላኩልን። ጋትሊን ያውቃል፤ ሚሲሲፒን ሁልጊዜ ለአሎንዞ ነበር የሚሰጠው። አንድ ቀን እንኳን ሂድ ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«ቃል ገብቼ ነው።»

«ለማን?»

መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም የጠየቅሁት።

«ከሆስፒታል እንደወጣ። ‹አንተ ሚስት የለህም፣ ስምም የለህም፤ ቢሉህ ምን ትጎዳለህ? እኔ ግን ኮርዲሊያ አለችኝ› አለኝ። እውነቱን ነበር። አልጎዳኝም። ከጆርጂያ የመጡት ደብዳቤዎች ግን የኔ ናቸው፤ አልዋሽም። አንደኛዋን ላገባትም ነበር። አሎንዞ ፕሩትን እንጂ ዊልበርት ሃግንስን አላገባም አለችኝ።»

«የሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ተቀላቅለዋል፣ እሜቴ። እኔም አላውቃቸውም።»

ድስቱን ከምድጃው አወረድኩ። ባዶ ድስት ነበር፤ ለምን እንደጣድኩት አላስታውስም። አምስት ዓመት ያዘጋጀሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ መልሱ መጣ፤ የምጣላው ሰው ግን የለም። በሕይወቱ ሳለ በተናደድኩበት ቁጥር ንዴቴን ዊልበርት ነበር የሚቀበለው። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ይዤ ሚስተር ታልማጅ ቤት ሄጄ ጆሮው ላይ ብጮህ እንኳን አይሰማኝም። ይኼንንም አስልቶት ይሆናል፤ ከክርክር መውጣት እንደዚያ ሰውዬ የሚችል የለም።

«ያልቅሱ ከፈለጉ» አለ ዊልበርት በቀስታ። «እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።»

«ሥራ አለኝ» አልኩት። «የአሳማ ጭን ከፈለግህ አምስት አለ።»

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ከኦሲ ሜ ጋር ወደ ሚስተር ታልማጅ ቢሮ ሄድን። ጽሑፉንና የባሌን የራሱን ፎቶግራፍ ከሰጠሁት በኋላ መነጽሩን አድርጎ የመጨረሻውን አንቀጽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ።

«‹ባለቤቱ ኮርዲሊያ፤ ሴት ልጁ አሎንዜታ፣ ከሃቲስበርግ፤ እህቱ ኦሲ ሜ…›»

«ምን አልክ?» አለች ኦሲ ሜ።

«የተጻፈውን ነው ያነበብኩት፣ እህት ኦሲ።»

ወደ እኔ ዞረች። «በአራት መቶ ሰው ፊት ቤታችንን ልታዋርጂ ነው?»

«ቤቱን ያዋረደው ሌላ ነው። እኔ የሆነውን ጻፍኩ።»

«ሞቶ እንኳን አይተኛ? የሰው ሴት እንዲህ ስላለች…»

«እሷ አይደለችም የነገረችኝ። ዊልበርት ነው የነገረኝ። ሚሲሲፒ ገብቶ አያውቅም።»

ኦሲ ሜ ሞኝ አይደለችም። የወንድሟን ጠባይ ከኔ በፊት ሰላሳ ዓመት ታውቀዋለች። ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ተመለከተች።

«ከኔ በላይ መጻፏ ነው?» አለች።

«ልጅ ከእህት ይቀድማል።»

«ሕጉ እንደዚያ ነው» አለ ሚስተር ታልማጅ።

«አንተን የጠየቀህ የለም» አለችው።

ከዚያ ወጥቼ ለኢርላ ዲን ሞዝሊ ቴሌግራም ላክሁ። አርብን ሳትጠብቅ ሐሙስ ከሰዓት ወደ ታልማጅ ቤት እንድትመጣ፣ የልጅቷ ስም መጻፉን ነገርኳት። ሰው ሳይሰበሰብ እንድታየው ብዬ ነው። ደግነት ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ፊቷን ማየት ፈልጌ ነበር። ዊልበርት የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑን ባውቅም፣ አንድ ፊት ሳጥን ውስጥ ያለ ሌላ ፊት ሲያይ የሚሆነውን ማየት ፈልጌ ነበር።

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጣች። ሌሊቱን በአውቶቡስ የኋላ ወንበር የተጓዘች ሴት ናት፤ ኮቷ ተጨማድዷል፣ ኮፍያዋ ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከኔ አታንስም በዕድሜ። እንዲያውም ሳትበልጠኝ አትቀርም፤ ይኼ ለምን እንዳናደደኝ አላውቅም። ልጅቷ ነጭ ካልሲ አድርጋለች፤ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ የክፍሉን አበቦች ታያለች። ዊልበርት ለነገው ወንበር ሲያመላልስ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ወይዘሮ ኮርዲሊያ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ቴሌግራሙን የላኩልኝ እርስዎ በመሆንዎ ገርሞኛል። ደግ ሰው ነዎት። በእርስዎ በኩል ግዴታ አልነበረብዎትም።»

«በእኔ በኩል ማለት?»

«ናሽቪል ያለችው ሚስት የዚያኛው ሰውዬ ናት ብሎኛል እኮ። ስሙን ይዞ የሚዞረው ሰውዬ። ሴቶች ለዚያኛው በጻፉ ቁጥር በእኔ ይላከካል እያለ ስንት ቀን ተማርሮ ነግሮኛል።» ሳጥኑ ወዳለበት ሳታይ ኮቷን አስተካከለች። «እውነቱን ልንገርዎ፣ የሞተው የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ነው የመጣሁት። የእርስዎ ከሆነ አልቅሼልዎት ልመለስ፤ የኔ ከሆነም…»

ወደ ሳጥኑ ሄደች። እኔም ሄጄ በሌላው በኩል ቆምኩ።

ፊቷን ለማየት ነበር ያመጣኋት፤ ግን ስታጎነብስ ማየት አልቻልኩም፤ እጄን አየሁ።

«ከስቷል» አለች።

«ከገና ወዲህ ምግብ አልገባለትም።»

«ጢሙን ማን ነው እንዲህ ያሳጠረው?»

«ሚስተር ታልማጅ።»

«ሰው ሲነካበት አይወድም ነበር።»

«አይወድም» አልኩ። ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ከማተሚያ ቤት የመጣው ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። አንዱን አንስቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ጣቷ ቆመ። አንድ ጊዜ አነበበችው፤ መልሳ አነበበችው።

«ባለቤቱ» አለች።

«አዎ። ዘጠኝ ዓመት።»

«የዚህኛው?»

«የዚህኛው።»

ፕሮግራሙን አጥፋ በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ እኔ በአምስት ዓመት ቁርስ ላይ ስንት ጊዜ እንዲያ እንዳደረግሁ ቁጥር የለውም። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ በር ላይ ወደቆመው ሰው ዞርን። ዊልበርት በሁለት እጁ ወንበር አቅፎ እኔን አየ፣ እሷን አየ።

«እኔ አሁን ምን አደረግሁ?» አለ።

«ምንም» አለችው ኢርላ ዲን። «ስምህ ማነው?»

«ዊልበርት ሃግንስ።»

«ዊልበርት ሃግንስ» አለች ቀስ ብላ፣ ለማስታወስ እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። «እርስዎ» ማለቷ የት ላይ እንደቀረ አላስታውስም።

«ነገ የት ነው የምቀመጠው?» አለችኝ። «ከኋላ ብትይኝ ከኋላ እቀመጣለሁ። ልጣላ አልመጣሁም። ስሟ እንዲጻፍ ብቻ ነው የመጣሁት፤ ጽፈሽዋል።»

ልጅቷ ያን ጊዜ አበቦቹን ትታ ሳጥኑ ሥር ደርሳ ነበር፤ ጠርዙ ከራሷ በላይ ስለሆነ ምንም አይታያትም። እናቷ ልታነሳት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው፤ እኔን አየችኝ።

«አንሺያት» አልኳት። «ነገ አንቺ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነሽ፤ ከኦሲ ሜ አጠገብ። ጮክ ብላ ትዘምራለች፤ ቻያት። ልጅቷ ግን አንደኛው ረድፍ ላይ ናት። አንደኛው ረድፍ የልጆቹ ነው።»